ቀዮ ሳትበራ

የሆስፒታሉ ሰው በስልክ «ዛሬ ከቻላችሁ ዛሬ ድረሱ» ካለ በኋላ ችኩሉ ወንድም የመኪናዋን ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን ገለባበጠው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ታላቅ እህቱ የአባታቸውን ሹራብ እንደታቀፈች በሩን በቅጡ ሳትዘጋ አሮጌዋ መኪና ከግቢው ተፈተለከች።

መንገዱ ሜዳውን አቋርጦ፣ ጥቁሩን ዳገት ወጥቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ከተማ ይወርዳል። አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህችው መኪና ተመላልሰውበታል። አሁን ግን በአምቡላንስ ከተወሰዱ ሰነባብተዋል፤ ወንዙ ማዶ አልጋ ላይ ሆነው ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ።

ሜዳው መሃል ነፋስ ተነሳ። አሸዋው ሰማዩን ዋጠው። ችኩሉ መብራቱንም የመስታወት መጥረጊያውንም ለቀቃቸው። ብዙም ሳይሄዱ መጥረጊያው መስታወቱ መሃል ላይ ተልፈስፍሶ ቀረ፤ መብራቱም ደበዘዘ።

«ባትሪው ነው! ግን እኮ በቀደም ነው አዲስ ያስገባሁት።»

«አዲስ ከሆነ ምን ነካው?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ እሱን ጠይቂው!»

ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ወረደ። ችኩሉ ቤት ለቤት እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው ነው፤ መለኪያው ከእጁ አይለይም። የባትሪውን ጫፎች ፈትቶ ጠረገ፣ መልሶ አጠበቀ። የሞተሩን ቀበቶ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልላላም። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለካ። ከፍ ማለት የነበረበት ቁጥር እያየው ወረደ።

«ዳይናሞው አይሞላም እትዬ። የምንሄደው ባትሪው ውስጥ በቀረችው ብቻ ነው።»

መብራቱን አጠፉ። እሷ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ወደ ቀኝ! ቀኝ አልኩህ!» እያለች ነፋሱን ሰንጥቀው ወጡ።

ዳገቱ ሥር ጎሾች መንገዱን ዘግተው ጠበቋቸው። ችኩሉ ጥሩንባውን ሲጫን እንደታመመ ፍየል አቃሰተ።

«ደግመህ እንዳትነካው። የምንሰድባቸው ይመስላቸዋል።»

«እትዬ፣ ያኛው መጣ!»

ኮርማው አቀርቅሮ ተወረወረ። ችኩሉ መሪውን ጠምዝዞ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ፤ ቀንዱ የኋላውን በር ዳር እስከ ዳር ሸረከተው። መኪናዋ እያቃሰተች ዳገቱን ወጣች፤ አናቱ ላይ ስትደርስ አስነጠሰችና ጸጥ አለች።

እዚያ ዛፍ ጥላ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። የተበላሸ መኪና እየጠበቁ ዕቃ የሚፈቱ ሁለት ሰዎች ናቸው። ረጅሙ እየተንጠራራ መጣ።

«እህቴ፣ ይቺ አልቆላታል። ለእኛ ተዉልንና ነገ ወንዙ ጋ እናወርዳችኋለን።»

«ነገ አይሆንልንም።»

«እንግዲያው እንጠብቃለን። ጥላችኋት መሄዳችሁ አይቀርም።» ጓደኛው የጎማ መፍቻውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፈገግ አለ።

ችኩሉ መኪናዋን ዞራት፣ ዞራት፣ ጎማዋን በእርግጫ መታት።

«በእግሬ እሄዳለሁ! አባዬ እየጠበቁን ነው!»

«ቁጭ በል አንተ ልጅ።»

እሷ ዳሽቦርዱ ላይ አፍጥጣ ቀርታለች። አባታቸው ቁልፉን ግማሽ አዙረው፣ ቀይዋ የባትሪ መብራት እስክትበራ ይጠብቁ ነበር። «ደህና አደርሽ ቀዮ» ይሏታል፤ ሞተሩን የሚያስነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ስንት ጊዜ ስቀውባቸዋል።

«ዛሬ ቀዮ በርታ ነበር?»

«አልበራችም እኮ! ደህና ነን ያልኩት ለዚህ ነው።»

«ሞተሩ ሳይነሳ በፊትስ?»

«አምፖሏን ለፍጥነት መቁጠሪያው ወስጄባታለሁ። የእሱ ተቃጥሎ... የእሷ ሥራ መቅላት ብቻ መስሎኝ...»

ሳይጨርሰው ሽቦው በሐሳቡ ተዘረጋለት። ከቁልፉ ተነስቶ፣ በቀዮ አምፖል አልፎ ዳይናሞው ዘንድ ይደርሳል። ዳይናሞውን የሚቀሰቅሰው በእሷ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኃይል ነው። አምፖሏን ሲነቅል መተላለፊያውን ቆርጦታል።

ዳሽቦርዱን ፈትቶ አምፖሏን ቦታዋ መለሳት። ባትሪው ትንሽ አርፏልና ቁልፉን ግማሽ ሲያዞር ቀዮ ደከም ብላ በራች።

«ግፊ እትዬ!»

«ቆይ! ቆዩ እንጂ!» ረጅሙ ሰውዬ እየሮጠ መጣ። መኪናዋ ግን ቁልቁለቱን ይዛለች። እህቱ ሮጣ ዘላ ገባች፤ ችኩሉ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ ተንገጫግጮ ተነሳ፤ ዳይናሞው መሙላት ሲጀምር ቀዮም ጠፋች።

«አሁን ነው መጥፋት!» አለች እህቱ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። አባታቸው ዓይናቸውን አልገለጡም፤ የመኪናዋን ድምፅ ግን በመስኮቱ ሰምተዋል።

«ሰላም ሳትሏት ነው ያስነሳችኋት?»

«አዎ አባዬ» አለ ችኩሉ። ሹራቡን አለበሷቸው። እጃቸውን ይዞ ተቀመጠ፤ ለአንዴም አልተነሳም። ጠዋት ላይ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ እህቱ ጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ችኩሉ ቁልፉን ግማሽ አዞረ። ቀዮ በራች። መንገዱ ሩቅ ነው ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ደህና አደርሽ» ሊል ሞከረ፤ ድምፁ እምቢ አለው። እስኪመለስለት ጠበቀ።

«ደህና አደርሽ ቀዮ።»

ከዚያ አስነሳት።