ከባልደራሱ ቀጥሎ ያለው ስም

ፈሪ ነኝ። አባቴ አቶ ጉግሳ «አርሴማን የራሷ ጥላ ያስደነግጣታል» ሲል ሰው ይስቃል፤ እውነቱን ነው። በ2011 ዓ.ም. የፈራሁት ግን ጥላ አልነበረም፤ ሌታን ማጣት ነበር።

ሌታ የታሪክ መምህር ነው። አምቦ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፈተና ሊያባዛ መጥቶ መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ መብራት ባይጠፋም ይቀመጥ ጀመር።

ሌታ ሽማግሌ ሊልክ ሲወስን አባቴ የቤታችንን አሮጌ ዳዊት ሰጠኝ። በኋለኞቹ ቅጠሎች ላይ የትውልዳችን ስም ከነሙያቸው ተጽፏል።

«ዓይኔ ደክሟል፤ በኮምፒውተር ጻፊልኝ። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሲቆጠር አነበዋለሁ» አለኝ።

ግማሹ ሙያ አልገባኝም። ሌታን ጠራሁት።

«አጋፋሪ ምንድነው?»

«ግብር ላይ እንግዳ የሚያስገባ፣ የሚያስወጣ።»

«ባልደራስስ?»

«የፈረስ ቤት አለቃ። የአንቺ ዘር እኮ ከበር እስከ ጋጣ ተሹሟል!»

ሳቅን። ጣቴን ወደሚቀጥለው ስም አወረድኩ፤ የአባቴ አያት እንግዳወርቅ።

«ሌባሻይስ?»

ሌታ ሳቁን አቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌታ፣ አታስፈራኝ።»

«ሌባ አፈላላጊ ነው» አለ። «ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣል። ልጁ ናላው ዞሮ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በአገራችን በጌዶ ልጁ የገባው ቅድመ አያቴ ጉተማ ቤት ነው። ላሞቹ ተነዱ፣ እሱም እንደታሰረ ሞተ። እስከ ዛሬ ሰው ሲጣላን ‹ኢልመ ሃቱ› ይለናል፤ የሌባ ልጅ።»

«የእኛው እንግዳወርቅ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«አባቴን አታውቂውም። የሌባሻይ ዘር ካለበት ቤት ውሃ አልጠጣም ብሎ የማለ ሰው ነው።» እጄን ያዘኝ፤ የእሱ ከእኔው ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አርሴ፣ አትጻፊው።»

አልጻፍኩትም። «እንግዳወርቅ፣ ገበሬ» ብዬ አተምኩ። ወረቀቱን ከማሽኑ ላይ ያነሳሁት እንደ ሌባ ዞር ዞር ብዬ አይቼ ነው።

የሽምግልናው ዕለት ጠዋት ዳዊቱን ልመልስ ስል አንድ ቅጠል ከቆዳ ሽፋኑ ጋር ተጣብቆ አየሁ። በቀስታ አላቀቅሁት። የእንግዳወርቅ ኑዛዜ ነበር፤ የጉተማ ስም አለበት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። ዝም ካልኩ ሌታ የእኔ ነው፣ ቤተሰቡ ግን የሌባ ዘር እንደተባለ ይቀራል። ካነበብኩት ሌታን አጣለሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። የሌታ አባት ኦቦ ረጋሳ አብረው ነበሩ፤ ሌታ ራሱ በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ይጠብቃል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አባቴ ሲያነብ እሰማለሁ።

«እንግዳወርቅ፣ ገበሬ።»

«ጥሩ ነው» አሉ ኦቦ ረጋሳ። «የገበሬ ስም ንጹሕ ነው። እኛም ገበሬዎች ነበርን፤ ስማችንን ቀሙን እንጂ።»

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ዳዊቱን ይዤ ወጣሁ። 

«አባባ፣ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ» አልኩና አነበብኩ። «‹እኔ እንግዳወርቅ ሌባሻይ ነበርኩ። ልጁን ጌዶ ወደ ጉተማ ቤት የመራሁት እኔ ነኝ፤ ጠላቱ ለምኖኝ። ጉተማ አልሰረቀም። መድኃኒቱን ደፍቼዋለሁ፤ ነፍሴን ግን በምን አጥባታለሁ?›»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ኦቦ ረጋሳ ከዘራቸውን አንስተው ቆሙ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት።

«አሁንም።»

በሦስተኛው እንባዬ ቅጠሉ ላይ ጠብ አለ። ቀና ስል እሳቸውም ያለቅሳሉ።

«አባቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ» አሉ። «እኔ ጌዶ ገበያ ላይ ባነበው፣ ለራሱ አስጽፎ ነው ይሉኛል። የሚታመነው ከሌባሻዩ ቤት የወጣ ሰው ነው። ታነቢልኛለሽ?»

«ሰው ፊት? እፈራለሁ፣ ኦቦ።»

«ምራቴ ብቻዋን አትቆምም።»

ምራቴ ማለታቸው የገባኝ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ነው። አባቴ ቀድሞኝ ወጥቶ ሌታን ከባጃጁ አስወርዶታል።

ከሠርጋችን በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጌዶ ላይ ቆምኩ። የሕዝቡ ብዛት አስፈራኝ። ሌታ ክርኔን ይዞኛል። ኑዛዜውን አንብቤ ስጨርስ፣ ሁሉም እንዲሰማ በኦሮምኛ ጮኽ ብዬ «ጉተማን ሃቱ ሚቲ!» አልኩ፤ ጉተማ ሌባ አይደለም።

ገበያው ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ከሰዉ መሐል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክርኔን የያዘው የሌታ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእኔው ግን አቁሟል።