ዙለይካ የሸመደደችው ጎርፍ

አዳማ ውስጥ፣ ከተራራው ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ የአቶ ሳሊህ ሱቅ አለ። ሰው ዘይትና ሳሙና ሊገዛ ይገባና ሳይጠይቅ ታሪክና ጂኦግራፊ ሰምቶ ይወጣል። አቶ ሳሊህ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጃቸውን ዙለይካን ከባንኮኒው ጀርባ አቁመው፣ ሃንዳውቷን በእጃቸው ይዘው፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር ይጠይቋታል።

"ኢምፔሪያሊዝም?"

ዙለይካ በቃሏ በእንግሊዝኛ ትወርደዋለች፤ ከዚያ ለደንበኛው ብላ በአማርኛ ትደግመዋለች።

"የኢንዱስትሪ አብዮት?"

እሱንም ትወርደዋለች።

"ፍለድ ፕሌይን?"

"ወንዝ ወይም ጎርፍ ከመንገዱ ሞልቶ ሲወጣ ውሃው የሚተኛበት ዝቅተኛ ሜዳ ማለት ነው።"

"አንዲት ቃል አልሳተችም እኮ" ይላል ባለባጃጁ ጆቴ፣ ሲጋራውን ሊገዛ የገባው። አቶ ሳሊህ ደረታቸው ይነፋል። "የኔ ልጅ ምን ይሳናታል" ይላሉ፣ ወደሚቀጥለው ቃል ያልፋሉ።

ነውር የለበትም ትሉ ይሆናል። አባት በልጁ ቢኮራ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ይኸውላችሁ፤ ከሱቁ በስተጀርባ አንድ ቦረቦር አለ። ከተራራው የሚወርደው ዝናብ ከጥንት ጀምሮ የቦረቦረው የውሃ መንገድ ነው። በጋውን ሙሉ ደረቅ ስለሆነ ሰፈርተኛው ቆሻሻ ይደፋበታል፤ ፌስታል፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ። ውሃ መኖሩን የሚያስታውስ የለም። አቶ ሳሊህ ደግሞ ከሁሉ ባሱና ባለፈው በጋ ገረጋንቲ በገልባጭ አስገልብጠው ደፈኑት፤ በላዩ ላይ የብሎኬት ግንብ አቁመው የሱቁን መጋዘን አሰፉ።

ከግንቡ ጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ የወይዘሮ ሸዋወርቅ የጭቃ ቤት ነበር። ሸዋወርቅ ከምንጃር መጥተው፣ በጽሕፈት ሠራተኛነት ኖረው፣ በጡረታ የተገለሉ ሴት ናቸው። ልጅ የላቸውም። የዙለይካ እናት ሽንኩርት ልታመጣ ባቱ ስትወርድ ዙለይካ የምታድረው እሳቸው ቤት፣ የምትበላው ከእሳቸው ሳህን ነበር። ጾም ሲሆን ለእሷ ብለው ለብቻ ወጥ ይሠሩላት ነበር።

ግንቡ መነሳት ሲጀምር ሸዋወርቅ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ።

"ሳሊህ፣ ይሄ እኮ የውሃ መንገድ ነው። ነገ ክረምት ሲገባ የት ሊሄድ ነው?"

"እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ይጨነቃሉ። በዚህ በኩል ውሃ ካየሁ ስንት ዓመቴ። ቢመጣም ግንቡ ይመልሰዋል።"

ይመልሰዋል አሉ። ወደ ማን እንደሚመልሰው ግን ጠያቂም አልነበረ፣ ነጋሪም አልነበረ።

ሸዋወርቅ አላመኑም። ወደ ዙለይካ ዞሩ። "ዙሌ፣ አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ንገሪኝ። አያሰጋም ይሄ ነገር?"

ዙለይካ ሃንዳውቷ ላይ አቀርቅራ ነበር። የቀዝቃዛውን ጦርነት ትርጉም ልትጨርስ ሁለት መስመር ቀርቷታል። ቀና ሳትል "አያሰጋም፣ እትዬ" አለች። ሴትዮዋ የተማረ ሰው ቃል ነው ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ትምህርት ቤት ግን አንድ የሚያስቸግራት ሰው ነበር፤ የጂኦግራፊ መምህሯ ያቤጽ። ይህ ሰው ትርጉም ተወረደለት ብሎ አያጨበጭብም። አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ ይዞ ተራራው ላይ ወጣና፣ ከተማው ከታች ተዘርግቶ እያዩት፣ ዙለይካን ጠራት።

"ፍለድ ፕሌይን ምንድነው?"

ወረደችለት።

"ጎሽ። አሁን በጣትሽ አሳዪኝ።"

ዙለይካ ከተማውን አየች። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አስፋልት፣ ባጃጅ። የራሳቸው ሱቅ ከእግሯ ሥር ነበር፤ ከተራራው የሚወርደው ቦረቦር በቀጥታ ሄዶ አዲሱ ግንብ ላይ እንደሚያበቃ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነበር። እሷ ግን ወንዝ ነበር የምትፈልገው።

"እዚህ የለም፣ ቲቸር። ሃንዳውቱ ላይ ያለው ምሳሌ ናይል ነው።"

ክፍሉ ሳቀባት። መምህሩ አልሳቀም። "ግድ የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወርደን ከቦረቦሩ ሥር እንቆማለን፤ ያኔ ይገባሻል" አላት።

አልወረዱም። ዙለይካ ተሳቀብኝ ብላ እያለቀሰች ለአባቷ ተናገረች፤ አቶ ሳሊህ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴ አባል ናቸው። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው ጠረጴዛ መቱ። "ፈተና ደርሷል፤ ይህ ሰውዬ ልጆቻችንን ገደል ለገደል ያዞርልናል። ያስተምርልን እንጂ።" ሌሎቹም ወላጆች ደገፏቸው። መምህር ያቤጽ ከክፍል እንዳይወጣ ተነገረው። ልጆቹም ደስ ብሏቸው ወደ ሽምደዳቸው ተመለሱ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ዙለይካ እንደ ወትሮዋ ባንኮኒው ጋ ቆማ ትጠየቅ ነበር። ከጓሮ በኩል የመጣው ድምፅ መጀመሪያ የከባድ መኪና ይመስል ነበር። ወደ ጓሮ ስትሮጥ ውሃው ያን ሁሉ ፌስታልና ፍርስራሽ ይዞ ሲመጣ፣ ግንቡን ሲመታ፣ መንገድ ሲያጣ አየችው። ግንቡ አልወደቀም። አባቷ እንዳሉት መለሰው፤ ውሃው ወደ ጎን ታጠፈና የሸዋወርቅን ቤት ገፋው። ያኔ፣ እዚያው ቆማ፣ ሃንዳውቱ ስለ ምን ሲያወራ እንደነበር ገባት። ጮኸች፤ ግን የጭቃው ግድግዳ ተንዶ ነበር።

ጎረቤት ተረባርቦ ሸዋወርቅን ከጭቃ ውስጥ አወጣቸው። ጆቴ በባጃጁ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ማታ ሰው ሱቁ ውስጥ ተሰብስቦ ሳለ አቶ ሳሊህ "የአላህ ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል" አሉ። ዙለይካ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ላይ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"አባ፣ አላህ ላይ አታላክክ። ዝናቡን እሱ አመጣው፤ ግንቡን የገነባነው እኛ ነን።"

መምህር ያቤጽም መጥቶ ነበር። ቁጣው ፊቱ ላይ ነበር። "አቶ ሳሊህ፣ ልጆቹን ላሳያቸው የነበረው ይህንን ቦረቦር ነው። እርስዎ አስቀሩት" አላቸውና ሌላ ሳይናገር ወጣ።

አቶ ሳሊህ በነጋታው ግንቡን በመዶሻ ማፍረስ ጀመሩ። ሠራተኛ አልቀጠሩም፤ ራሳቸው ናቸው ያፈረሱት። በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባም ተነስተው፣ መምህሩ ይቅርታ እንዲጠየቅና ልጆቹ ከክፍል ወጥተው እያዩ እንዲማሩ ለመኑ። ይህ መልካም ነው። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። የሸዋወርቅ ቤት የለም። ልጆቻችሁን የምታስጠኑ ወላጆች ሆይ፣ "ምን ማለት ነው?" ብላችሁ አታብቁ፤ "የት አለ? ማንን ይነካል?" በሉ። ይህን ያልጠየቀ ሰው አስተማርኩ አይበል።

ሸዋወርቅን የእህታቸው ልጅ ባቱ ወስዳ እሷ ዘንድ አስተኛቻቸው። ዙለይካ ፈተናዋን ስትጨርስ ልትጠይቃቸው ሄደች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ተራራው ላይ መምህሩ የጠየቃትን፣ ሃንዳውቱ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ሸዋወርቅ እስክትጨርስ አዳመጧት። "ታዲያ ካወቅሽው ምነው አያሰጋም አልሽኝ?"

"አላወቅሁትም፣ እትዬ። ሸምድጄው ነው እንጂ።"

"እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን፣ የተማረች ልጅ ጎኔ አለች ብዬ ተዘልዬ ስተኛ" አሉ አሮጊቷ። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።