በስክሪኑ ላይ የነበረው ስንዴ

የመጋዘን ኃላፊው ወንድምአገኝ የተገደለው በሚዛን ብረት ነው። ቡሬ ካለው የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ከሚናፈሰው ስንዴ ባሻገር፣ ከጀርባው ግድግዳ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈርክሷል፤ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ረግቷል። አጠገቡ የወደቀው ብረት የድሮው ሚዛን ነው። አዲሱ የኮምፒውተር ሲስተም ከገባ ወዲህ ከዚያው ግድግዳ ሥር ተጥሎ ነበር።

ኢንስፔክተር ደስታነሽ ከፍኖተ ሰላም እስክትደርስ ቡሬ ገዳዩን አግኝቶ ፈርዶበታል። በሬሳው ዙሪያ የባዶ እግር የደም ዱካ አለ፤ በግቢው በባዶ እግሩ የሚሠራው ደግሞ ጫኝና አውራጁ ዘሩ ብቻ ነው። ማለዳ ሬሳ ሊያነሳ ከገበዝ ማርያም የመጣው የሟች ወንድም ሃይለ ሚካኤል በዱላ ክንዱን ሰበረው፤ የቀረውን ሕዝቡ ጨረሰለት። ፖሊስ ደርሶ ከእግራቸው ሥር ባይጎትተው በሕይወት አይገኝም ነበር። እንዲህ ያለ የደቦ ፍርድ ደስታነሽን ያንገሸግሻታል።

«ወንድምአገኝ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ነው፤ ያጎረሰኝን እጅ እንዴት እነክሳለሁ?» አላት ዘሩ ባበጠ ከንፈሩ። «እትዬ፣ ገዳዩን ካላገኙልኝ ከዚህ የምወጣው ለሞት ነው።»

የፋብሪካው ግዥ ኃላፊ አምለሰት አዲሱን ሲስተም እያሞገሰች አስረዳች። ድሮ የገበሬ ማኅበራት ስንዴያቸውን በስልክ ያስታውቁ ነበር፤ አንዱ ጋ እህል ሲነቅዝ እዚህ ወፍጮ ይቆማል። አሁን ከማኅበሩ ሚዛን እስከ ወፍጮው ሁሉም በአንድ ስክሪን ይታያል፤ ወፍጮውም የሚሠራው ስክሪኑን አምኖ ነው።

«ታዲያ ትናንት ወፍጮው ለምን ቆመ?» አለች ደስታነሽ።

አምለሰት ፈራ ተባ አለች። «ስክሪኑ መጋዘኑ ሙሉ ነው ይላል። ወንድምአገኝ ግን ስንዴው ጎድሏል አለ። ‹ክምሩን ራሴ እለካለሁ› ብሎ ማምሻውን ወጣ።»

«ይህን ሲል ማን ሰማ?»

«እኔና የሲስተሙ ኃላፊ፣ ይሄይስ።»

ይሄይስን ሁሉም የሸገር ልጅ ነው የሚለው፤ አነጋገሩም አለባበሱም የከተማ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቁጥር ይዛባል እያለ መጋዘኑ ውስጥ አስረዳት። ይህን ሁሉ ሲያወራ ከስንዴው ዳር ቆሞ ነው። ሲሚንቶው ላይ የተንጠባጠበ ፍሬ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ለቀመና ወደ ክምሩ መለሰው። ደስታነሽ አየችው። እሷ የምትከተለው ደም የነካውን ስንዴ ነበር። ከግድግዳው ተነስቶ በክምሩ ላይ እስከ በሩ አቅጣጫ ይመጣና ከስንዴው ጫፍ ላይ ያልቃል። ከዚያ እስከ በሩ ያለው ሲሚንቶ ንጹሕ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘሩ ክንዱ ታስሮ ቆሟል፤ ሃይለ ሚካኤል ዱላውን ይዟል።

«ኑ፣ የሞተበትን ላሳያችሁ» ብላ በቦቲ ጫማዋ ስንዴውን ረግጣ ተሻገረች። አምለሰት በተረከዝ ጫማዋ ተከተለቻት። ሃይለ ሚካኤል፣ አውድማ ላይ እንዳደገ ሰው፣ ኮንጎ ጫማውን አውልቆ ገባ። ዘሩ እንደ ልማዱ ባዶ እግሩን ነው። ይሄይስም የቆዳ ጫማውን ክር ፈታና ከስንዴው ጫፍ ላይ አስቀምጦ መጣ።

«በባዶ እግሩ የመጣ ሰው በባዶ እግሩ ይወጣል» አለች ደስታነሽ። «የገዳዩ ዱካ ግን ስንዴው ጫፍ ላይ አለቀ። ጫማው እዚያ ይጠብቀው ነበራ። ስለዚህ ዘሩ አይደለም። ገዳዩ እህል በጫማ መርገጥ ነውር ነው ተብሎ ያደገ፣ ወንድምአገኝ ክምሩን እንዳይለካም የፈለገ ሰው ነው። ስንዴውን በጓሮ እየሸጠ ስክሪኑ ላይ እንዳለ የሚያስቀር። ብረቱ እዚሁ የተጣለ ነውና ሊገድል አልመጣም፤ ሊለምን ነው የመጣው። እንቢ ሲለው ብረቱን አነሳ።» ወደ ይሄይስ እግር ተመለከተች። «የሸገር ልጅ፣ አውድማ ላይ ጫማ ማውለቅ ማን አስተማረህ?»

ይሄይስ እግሩን አየ። በዚያ ቅጽበት ሁሉም አየው። ፖሊሱ ጫማውን ገለበጠው፤ ላዩ ተወልውሏል፣ የውስጡ ገበር ግን በደረቀ ደም ጠቁሯል።

«አባቴ» አለ ይሄይስ፣ «እህል በጫማ ስረግጥ ቢያየኝ ይገድለኝ ነበር።»

«የማን ልጅ ነህ?» አለ ሃይለ ሚካኤል።

ይሄይስ እጁ ታስሮ ወደ በሩ ሲወስዱት ቆመ። ከውጭ የሕዝቡ ጫጫታ ይሰማል፤ በባዶ እግሩ የሚሄድ ገዳይ ነው የሚጠብቁት።

«ጫማዬን ስጡኝ፤ እንዲህ ካዩኝ ይገድሉኛል።»

«ማስረጃ ነው» አለች ደስታነሽ። መኪናውን በጓሮ በር እንዲያስጠጉ አዘዘች። ነፍሰ ገዳይም ቢሆን ለደቦ አትሰጥም።

ዘሩ በፊት ለፊቱ በር መውጣት ነበረበት፤ ቤቱ በዚያ ነው። ጫጫታውን ሰምቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሃይለ ሚካኤል ራሱ የሰበረውን ክንድ አየ። ከዚያ ዱላውን ስንዴው ላይ ጣለ፣ ኮንጎውን እዚያው ተወ፣ ከዘሩ ፊት ቀድሞ በባዶ እግሩ ወጣ።