ከትልሙ ጫፍ የሚጣራው ሰው

ሐምሌ ሰባት ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከአርብ ገበያ በታች ባለችው ጎጆ ውስጥ ላቀች ከሃያ አንድ ቀን ልጇ ጋር ብቻዋን ቀረች። የሥላሴ በዓል ስለነበረ አገሩ ሁሉ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ማዶው ደብር ሄዷል። ከወለደች ጀምሮ ከጎኗ ያልተለየችው ጎረቤቷ እትዬ ንግስት እንኳ «ተሳልሜ እመለሳለሁ፤ ቢላዋውን ከራስጌሽ እንዳታነሺ፤ ክፉ እንዳይጠጋሽ» ብላት ወጣች።

ላቀች ቢላዋው መኖሩን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ ጣቷን ከሕፃኑ አፍንጫ ሥር አስጠጋች። ይተነፍሳል። ትንሽ ቆይታ ደግማ አስጠጋች።

ፍርሃቷን ለማንም ነግራ አታውቅም። ሴቶቹ እየመጡ ገንፎውን ይበላሉ፣ ሕፃኑን አገላብጠው ያያሉ፣ «ቁርጥ አባቱን!» ብለው ይሄዳሉ። አባቱ ሞላ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ በንዳድ የሞተው ኅዳር ላይ ነው፤ መቃብሩን እንኳ አላየችም። «ሳላውቅ ብተኛበትስ? ወተቴ ቢነጥፍስ? ይህን ልጅ በእጄ ባጠፋውስ?» የሚለውን ሐሳብ ለማን ትንገረው? ለእናት ይነገር ነበር። እናት ደግሞ የላትም።

ነገሩ ሳትነግረው የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሙላው ይባላል፤ የእስቴ ሰው ነው።

የተገናኙት የካቲት ላይ አርብ ገበያ ነው። ላቀች የሟች ባሏን ሞፈርና ቀንበር በአህያ ጭና ልትሸጥ ወጥታ ነበር።

«ቀንበሩን ሸጠሽ በሬዎቹን በምን ልትጠምጂ ነው?» አላት አንድ ረዥም ጎልማሳ።

«አንተ ገዥ ነህ ወይስ መካሪ?»

«ገንዘብ የለኝም፤ ስለዚህ መካሪ ነኝ።»

ሳታስበው ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ስለነበር ደነገጠችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ አይቷል፤ ግን እንዳላየ ሆኖ ዓይኑን ወደ ቀንበሩ መለሰ። ቀንበሩ ሳይሸጥ ቀረ። ሙላውም መሬቷን በእኩል ሊያርስ ከኋላዋ ተከትሎ መጣ።

ስትወልድ ግን በሩ ተዘጋበት፤ አራስ ቤት ባዕድ ወንድ አይገባም። እሱም መላ ዘየደ። ጓሮ ያለውን መሬት ሲያርስ በሬዎቹን ከትልሙ ጫፍ ባዞረ ቁጥር «አለሽ?» ብሎ ይጣራል። እሷም ከግድግዳው ወዲህ «አለን!» ትላለች። በቀን አርባ ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ። ከዚያ በላይ አይነጋገሩም።

አንድ ቀን ብቻ በሬዎቹን አቁሞ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«ላቄ፣ ቄስ ወልደ ሩፋኤልን አማከርኳቸው። የልጁ አርባ ቀን ይድረስ፣ የሞላም ሙት ዓመት ይለፍ፣ ከዚያ ሽማግሌ ስደድ ብለውኛል። ምን ትያለሽ?»

የልጁን መጠቅለያ አስተካከለች። ከመመለሷ በፊት አንዱ በሬ አገሳ።

«በሬው እሺ ብሏል» አለ ሙላው።

«እንግዲያው እሱኑ አግባ!» አለች እየሳቀች። እሺታዋ ይኸው ነበር።

ዛሬ ግን በዓል ነው፤ አይታረስም። ጓሮው ጭጭ ብሏል። እኩለ ቀን ሳይደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ከደጋው የመጣው ጎርፍ ወንዙን ሲሞላው ድምፁ እቤት ድረስ ተሰማ። እንግዲህ እትዬ ንግስትም አትመለስም። ላቀች ለልጁ ጡቷን ሰጠችው፤ አልያዘውም። ደግማ ሰጠችው፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ግንባሩ ይፋጃል፣ እግሩ ቀዝቅዟል። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ።

ልትጮህ ፈለገች። ብትጮህስ ማን ሊሰማት?

«አለሽ?»

ከጓሮ ነው።

«ሙላው! በዓሉ አልሄድክም እንዴ?»

«እግሬን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አንቺን ብቻሽን ትተው ሲሄዱ... አለሽ ወይ አልኩ እኮ!»

«እኔስ አለሁ። ልጁን እንጃ!»

ደንቡን ረስቶ በሩን በርግዶ ገባ። ሕፃኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ላቀች ያን ፊት አየችው፤ ሃያ አንድ ቀን ብቻዋን የተሸከመችው ፍርሃት እዚያ ላይ ነበር።

«ክርስትና ሳይነሳ እንዳይሞትብኝ» አለችው። «ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ እንዳይቀብሩብኝ።»

ልጁን በጋቢው ጠቅልሎ ከወንዙ ወዲህ ወዳለው ወደ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። በዝናብ ተከተለችው። አርባ ቀኗ ስላልሞላ ከቅጥሩ በር ውጪ ቆመች። እዚያ የነበሩት ተረኛው ቄስ ወልደ ሩፋኤልና አንድ ዲያቆን ብቻ ናቸው። ቄሱ ወደ በሩ ወጥተው የልጁን ፊት ገልጠው አዩ።

«አርባ ቀን አይጠበቅለትም፤ አሁኑኑ ይጠመቅ። ክርስትና የሚያነሳው ማነው?»

«አጎቱ ገብሬ ነበር የታሰበው፣ አባ» አለች ላቀች። «ከወንዙ ማዶ ቀረ።»

ቄሱ ሙላውን አዩት፤ ከዚያ እሷን።

«እኔና ዲያቆኑ አጥማቂዎች ነን፤ አናነሳም። ሌላ ወንድ የለም። ልጄ ሙላው፣ አንተ ያነሳኸው እንደሆነ ይህች ሴት አበልጅህ ናት። አበልጅ ደግሞ አይጋባም። እኔ ልፈታልህ አልችልም።»

«ወንዙ እስኪጎድል ብንጠብቅሳ፣ አባ?»

«እስኪመሽ አይጎድልም። ልጁን እየው።»

ሙላው ያየው ላቀችን ነው። ውሃው በፊቷ ይወርዳል፤ ዓይኗን ከጋቢው አልነቀለችም።

«አንቺ በዪኝ» አላት። «እኔ አፌ አይለውም።»

ጋቢው ውስጥ ሕፃኑ እንደ ጫጩት ሲጥ አለ።

«አንሳው» አለች።

ገቡ። ላቀች ካቡን ተደግፋ ጠበቀች። ለረዥም ጊዜ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ የሕፃን ጩኸት ተሰማ፤ ረዥም፣ የተቆጣ ጩኸት። ላቀች እጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ሙላው ሲወጣ ልጁ አንገት ላይ ማዕተብ ታስሮ ነበር። «ወልደ ሥላሴ ተብሏል» አላት። ሲያቀብላት እጁ እጇን እንዳይነካ ተጠነቀቀ።

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀው። በአራተኛው ቀን ከጓሮ የጅራፍ ድምፅ ሰማች፤ በሬዎቹ ከትልሙ ጫፍ ሲዞሩም አወቀች። ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

«አበልጄ! አላችሁ?»

ልጁ እየጠባ ነበር፤ ራሱን ደገፍ አደረገችው።

«አለን» አለች።

ሙላው መሬቱን ከዚያ ወዲያም አራት ክረምት አረሰላት። ጥር 1964 ዓ.ም. ላይ ከወገዳ ሚስት አገባ፤ የሠርጉን ጠላ የጠመቀችው አበልጁ ላቀች ናት።