ያለ ጊዜያቸው የጠወለጉ

«ፀሐይ ላይ አቁመሃቸው ነው! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

የልጅቷ አክስት አበባ ሱቋ ውስጥ አንድ እቅፍ የካርኔሽን አበባ ከባልዲው መዝዛ ሹፌሩ ፊት አራገፈችው። ትናንት ፍክት ብለው የነበሩት አበቦች ዛሬ ጠዋት ወደ ውስጥ ተጨማደው ተገኙ። ለነገ ሠርግ የታዘዙ ናቸው።

«ኧረ እትዬ! እኔ እኮ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ወርጄ ልሸከማቸው ነው የሚቃጣኝ» አለ ሹፌሩ። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ሰፈሩ «ፍሬን» ይለዋል።

«ቀልዱን ተወውና ቁልፉን አስቀምጥ። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ፍሬን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሲወጣ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን አዝላ የቆመችውን ልጅ አየት አደረጋት። «ቁምነገር፣ ትምህርት እንዳይረፍድብሽ» አላት። ድምፁ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

እናቷ ለሥራ ርቃ ከሄደች ወዲህ «ቁምነገር» ብሎ ቅጽል ስም ያወጣላት እሱ ብቻ ነው። አክስቷ «በሩን ዘጋሽ?» ከማለት ያለፈ ወሬ የላትም። ክፍል ውስጥም የምትቀመጠው መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ብቻዋን ነው።

«ተክል ጆሮ የለው፣ አፍንጫ የለው» አለች የባዮሎጂ መምህሯ። «ታዲያ ዙሪያው ምን እንዳለ በምን ያውቃል?»

ጠመኔዋን አንስታ ሰሌዳው ላይ አንድ ሴል ሣለች።

«ሴሎቹ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሏቸው። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ነው የሚጠብቀው፤ አንዱ ብርሃን፣ ሌላው ሆርሞን። ለምሳሌ የበሰለ ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በዓይን አይታይም። ጋዙ መጥቶ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ግን ሴሉ ‹ጊዜው ደርሷል› የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ጥሬው ፍሬ ይበስላል፤ አንዳንዱ አበባ ደግሞ ይጠወልጋል። ካርኔሽን በተለይ አይችለውም።»

የልጅቷ እስክሪብቶ ቆመ።

ሙዙ! ፍሬን አበባ ሲያመጣ ለሷም ሙዝ ይዞላት ይመጣል። የአሁኑን ቶሎ ጨርሳ ባዶ እጇን እንዳትቀር ብላ፣ እንዳይጠቁርም ብላ፣ ቀዝቃዛው የአበባ ክፍል ውስጥ ከባልዲዎቹ ጀርባ ደብቃው ነበር። መስኮት የሌለው ክፍል ነው።

«ቲቸር፣ ተቀባዩ ከተበላሸስ?» አለ አንድ ልጅ ከፊት።

«ጋዙ ክፍሉን ቢሞላው ሴሉ አያውቅም። እንዲህ ዓይነት አበባ ብዙ ቀን ሳይጠወልግ ይቆያል።»

«ደንቆሮ አበባ በሉኛ! ልክ እንደኔ፣ እናቴ ዕቃ እጠብ ስትለኝ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ አልሳቀችም። እንዳልሰማች መሆን ትችላለች። ሙዙን አውጥታ ብትጥለው ማን ያውቃል? አክስቷ ስትቀበላት «ሥራዬን ካበላሸሽብኝ አጎትሽ ጋ ነው የምመልስሽ» ብላታለች። አጎቷ ቤት ክፉ ሰው የለም። ግን ማዕድ ቀርቦ፣ ሁሉም በልቶ ሲነሳ ነበር «ውይ፣ አንቺ አለሽ ለካ!» የሚሏት።

ከትምህርት ስትመለስ አክስቷ ሱቁ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ፣ የሚተርፉትን አበቦች ትለያለች።

«እሺ ወንድሜ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ና። ነገ ጠዋት ትጀምራለህ?»

ልጅቷ ወደ አበባው ክፍል ገባች። ሙዙ ጠቋቁሯል፤ ሽታው ገና በሩ ላይ ነው የሚቀበለው። የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ የቆሻሻ ገንዳው ከዚያ ይታያል። እስክትወስን ጥቂት ቆመች። አክስቷ ሱቅ ውስጥ ሳቅ ስትል ሰማች፤ አዲሱ ሹፌር ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም።

ሙዙን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሱቁ ተመለሰች። አክስቷ ቀና ሳትል «ዝም በይ» በሚል እጇን አወዛወዘች።

«አክስቴ» አለች፤ ድምጿ ከራሷ ጆሮ እንኳ የራቀ መሰላት። ጉሮሮዋን ጠረገች። «አክስቴ! ሰውየውን ትንሽ ቆይ በይው።»

ከዚያ ከአበቦቹ መሃል ቦታ ጠርጋ፣ ሙዙን መሃላቸው አኑራ አክስቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።