የሦስት ሰው ኮት

«ዓይን! ዝማሬ፣ ዓይኑን እዪው እንጂ!»

አሠልጣኛችን ወይዘሪት ኤሌኒ ስትጮህ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ የማየው የቀጸላን ጫማ ነበር። ቀኝ እጄ እጁ ውስጥ ነው። ግራ እጄ ደግሞ እንደ ልማዱ ቀኝ ክንዴን ከሥር ደግፏል። ታላቅ ሰው ሰላም እንደምል ጎንበስ ብያለሁ።

«ግራ እጅሽን አውርጂ። ቀና በይ። ዓይኑን እያየሽ ሦስት ሰከንድ ትጨብጪዋለሽ፤ ከዚያ ትለቂዋለሽ። ቀጣሪ ፊት መሬት መሬት ካየሽ የምትደብቂው ነገር ያለ ይመስለዋል።»

የምደብቀውማ ነበረኝ። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ።

«አንድ...» አለ ቀጸላ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሁለት...»

እጄን ነጠቅኩት።

«አንዷ ሰከንድ ትቀረኛለች!» አለ እየሳቀ።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። ቦንጋ ውስጥ የኮሌጅ ትምህርታችንን ልንጨርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውናል። ቀጣሪዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተብሎ አለባበስ፣ አጨባበጥና ከማያውቁት ሰው ጋር መተዋወቅ እየተማርን ነበር። ወንዶቹ ኮት መልበስ አለባቸው ተባለ። ቀጸላ፣ ከፈለኝና ማሙሽ በአንድ የኪራይ ቤት የሚኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ለሦስቱም ያላቸው ኮት አንድ ነው፤ ሺሺንዳ የሚያስተምረው የማሙሽ አጎት የሰጠው ጥቁር ኮት።

ችግሩ ክንዳቸው ነው። ማሙሽ አጭር ነው። ከፈለኝ መካከለኛ ነው። ቀጸላ ግን ማንኪራ ጫካ ውስጥ ከአባቱ ጋር ዛፍ እየወጣ ቀፎ ሲሰቅል ያደገ ልጅ ስለሆነ ክንዱ ረጅም ነው። እናቴ ገበያው ዳር ልብስ ትሰፋለች። የመልበስ ተራ በተለወጠ ቁጥር ኮቱ ወደ ሱቃችን ይመጣል። እኔ እጅጌውን ለማሙሽ አጥፌ በቀጭን ክር እይዘዋለሁ፤ ለከፈለኝ ትንሽ እለቀዋለሁ፤ ለቀጸላ እስከ መጨረሻው እለቀዋለሁ።

«ይሄ ኮት ዛሬም መጣ?» ትላለች እናቴ። «ከእናንተ ይልቅ የተማረው እሱ ነው!»

«እውነትዎን ነው እትዬ አልጣሽ» ይላታል ቀጸላ። «ዲፕሎማውን ለእሱ ቢሰጡት ይሻላል።»

ከዚያ በካፊኖኖ ቋንቋ ሌላ ነገር ይጨምርላታል። እናቴ መቀሷን ጥላ ትስቃለች። እኔ ሜትሩን ከትከሻው እስከ እጁ አንጓ እዘረጋለሁ። ልኩን በቃሌ ባውቀውም ሁልጊዜ እለካለሁ። አንድ ቀን ማሙሽ ከበሩ ላይ ሆኖ አየኝና «ይሄ ክንድ በየቀኑ ያድጋል እንዴ?» አለ። ክሩን ፈልጌ እንደማጣ ሆኜ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

ቀጣሪዎቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀር ቀጸላ ብቻውን መጣ። እናቴ ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ከኪሱ ትንሽ ካርድ አወጣ። ከነጭ ካርቶን ቆርጦ ስሙንና ስልኩን በእጁ የጻፈበት ነው።

«አምስት ነበር የሠራሁት። የመጨረሻው ይሄ ነው።»

«ለቀጣሪ አትሰጠውም?»

«ለአንቺ ነው።» ድምፁ ተለወጠ። «ወይዘሪት ኤሌኒ ምን አለች? ካርድ የተቀበለ ሰው ከፈለገ እሱ ይደውላል፤ የሰጠው ሰው አይጨቀጭቅም። ዝማሬ... እወድሻለሁ። ሐሙስ ማሙሽና ከፈለኝ ይጠየቃሉ፤ ዓርብ የእኔ ተራ ነው። ሥራ ካገኘሁ ወዲያው ልሄድ እችላለሁ። እስከ ቅዳሜ አንድ ቃል በይኝ። እሺ ካልሽ ለእናትሽ ሽማግሌ ልኬ ነው የምሄደው። ዝም ካልሽ ግን ይገባኛል። አላስቸግርሽም።»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ተመለሰችና እሱ ሄደ።

ልደውል አልቻልኩም፤ የቤታችን ስልክ ከእናቴ ኪስ አይወጣም። ፊት ለፊት ልነግረውም አልቻልኩም። ሐሙስ ማታ ግን ማሙሽ ኮቱን አመጣ። «ለነገ ለቀጸላ ነው» አለኝ። እጅጌውን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ካርዱን ገልብጬ ከጀርባው «አዎ። ሽማግሌ ላክ። እጠብቅሃለሁ።» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት ጠፍቶ አይደለም። የእሱ ስም ከፊት፣ የእኔ ቃል ከኋላ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ከዚያ በውስጥ ኪሱ ከተትኩት።

ዓርብ ጠዋት እኛ ሴቶቹ ተጠይቀን ወጣን። ከሰዓት በኋላ የቀሩት ወንዶች ገቡ። እኔ ቤት ነበርኩ።

ቅዳሜ በዝናብ ውስጥ ኮሌጁ በር ላይ ተገናኘን። አሮጌ ሹራቡን ለብሷል። ቆመ።

«ዝማሬ?» አለ።

አንብቦታል ብዬ ፊቴ ነደደ። በእጄ የጻፍኩት «እጠብቅሃለሁ» የሚለው ቃል አሳፈረኝ። ጫማውን አየሁ፤ በጭቃ ተሸፍኗል። ቀና ማለት አቅቶኝ አልፌው ሄድኩ። እየሮጥኩ ፈገግ ማለቴን እሱ አላየም።

እሑድ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ አጠብኩ።

«ማን ሊመጣ ነው?» አለች እናቴ።

«ማንም።»

ማንም አልመጣም። ሰኞ ማሙሽ ኮቱን ይዞ ከች አለ። «ቀጸላ እኮ ሥራ አገኘ! ከቀጣሪዎቹ አንዱ፣ የማር ድርጅት ነው፣ ደወለለት። ዛሬ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ።»

«ምንም አላለም?»

«ምን ይላል? ዝም ብሎ ነው የሄደው።»

ማሙሽ ሲወጣ እጄን ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ባዶ ነው። ወስዶታል ማለት ነው፤ አንብቦ፣ ዝም ብሎ ሄደ ማለት ነው። ያን ቀን ሦስት ጊዜ መርፌ ወጋኝ። እናቴ አየችኝ እንጂ አልጠየቀችኝም።

ስድስት ዓመት አለፈ። ዞን መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንቢ አልኩ። ሦስተኛው ቢታ ገነት የሚያስተምር ደግ ሰው ነበር። ለእሱም እሺ የሚል ቃል አልወጣኝም።

በ2008 ጥቅምት ላይ አንድ ሰው የቢሮዬ በር ላይ ቆመ፤ ቀጸላ ነው። ግራጫ ኮት ለብሷል። እጅጌው ልክ አንጓው ላይ ያርፋል። ቀለበቱንም አየሁት።

«እንደምን አለሽ ዝማሬ?»

«ደህና...» አልኩ። ወንበር አሳየሁት። አልተቀመጠም። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ካርድ አስቀመጠ። ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉ ላይ ስቴፕለር የበሳው ሁለት ቀዳዳ አለው።

«ባለፈው ወር በሥራ ቦታዬ የግል ማህደሬን አየሁ» አለ። «ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ተያይዞ ነበር። ነቅዬ ገለበጥኩት።»

እጄን ጉልበቴ ላይ አጣበቅኩ።

«ዓርብ ዕለት ሰዎቹ ቸኩለው ሐሙስ ያልደረሳቸውንም ጨምረው ጠሩ። እኔና ከፈለኝ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተለያየ ክፍል። ኮቱ አንድ ነው። ከፈለኝ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሸሚዙም የተቀደደ ነው። ለእሱ ሰጠሁትና በሹራቤ ገባሁ። አንቺ ለእኔ የለቀቅሽው እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኖበት ነው የገባው።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «አሁን ደውዬ ጠየቅኩት። ኪሱ ውስጥ ካርዴን አገኘ። የረሳሁት መስሎት፣ ‹የጓደኛዬ ነው፤ ማር ያውቃል› ብሎ ሰጣቸው። ጀርባውን አላየም። በዚያ ካርድ ነው የደወሉልኝ፣ ዝማሬ።»

የጻፍኩት «አዎ» ነው ከእኔ የወሰደው።

«ቅዳሜ ዕለት...» አልኩ። «ቅዳሜ ስምህን... ስሜን ስትጠራኝ...»

«መልስ ልቀበል ነበር። አቀረቀርሽ። ጥለሽኝ ሄድሽ።»

«ያነበብከው መስሎኝ ነበር። አፍሬ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ማህተም እየፈለገ ይጣራል።

«አገባህ?»

«ባለፈው ጥር። ውባየሁ ትባላለች። ልጅ እየጠበቅን ነው።»

«ደግ ናት?»

«ደግ ናት።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ምን ላድርግ? ያኔ አንድ ቃል ለምኜሽ ነበር። አሁንም በይኝ። ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

ሊያደርገው እንደሚችል አወቅኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ የቆየው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የማላውቃትን ሴት፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ስትጠብቀው በሐሳቤ አየኋት። እኔ መጠበቅን አውቀዋለሁ።

«ወደ ቤትህ ግባ» አልኩት። «ካርዱን ግን ተውልኝ። ለእኔ ነው የሰጠኸኝ።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁለት። ግራ እጄ ክንዴን ሊደግፍ ሲነሣ አወረድኩት። ቀና አልኩ። ዓይኖቹ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለም አላቸው፤ ያን ሁሉ ዘመን ስወደው ይህን አላየሁም ነበር።

«አንድ...» አልኩ። «ሁለት...»

እጄን አልነጠቅኩትም።

«ሦስት። ያቺ የቀረችህ ሰከንድ ናት።»

ለቀቅኩት።

ዞሮ ሲወጣ አየሁ፤ የኮቱ እጅጌ ጠርዝ ተተርትሮ አንድ ክር ተንጠልጥሏል። መርፌና ክር መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አልጠራሁትም።