ጣት የሚሰማው ሰሌዳ

ሔራን ራሷ በሠራችው የመብራት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴውን ንጣፍ በጣቷ ነካች። የአዳራሹ መብራት ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሰማያዊውን ሞከረች፣ ቀዩን ሞከረች፤ ሰሌዳው ጭራሽ የማያውቃት መሰለ።

ጣሊያን አገር፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤቷ የዓመት መዝጊያውን ቲያትር መብራት ማን እንደሚይዝ ዛሬ ይወስናል። ወይ ሔራን ከነሰሌዳዋ፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ። የመዳብ ቁራጭ ስትለጥፍና ሽቦ ስታያይዝ ነው የከረመችው። እናቷ መዓዛ እንኳ ከምትንከባከባቸው አሮጊት ቤት ፈቃድ ለምና መጥታ ኋላ ተቀምጣለች።

«አሎራ፣ ታዲያስ ሔራን?» አሉ መምህርቷ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቀ። ሔራን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጓደኛዋ ኤፊ ጠጋ ብሎ ስልኩን አሳያት። «አትጨናነቂ። ቀለሙን ከዚህ እቀይርልሻለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ የነካሽ ምሰይ። ማን ያውቃል?»

እሺ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ግን እኮ እሁድ ሠርቷል! ሰሌዳውን ያስተካከለችው ቤተ ክርስቲያን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሕፃናቱ እየተሻሙ ሲነካኩት አንዴም አላስቸገረም። ያው ሰሌዳ፣ ያው ባትሪ፣ ያው ጣት። ታዲያ ምን ተለወጠ? ዓይኗ ወፍራም የጎማ ሶል ባለው ስኒከሯ ላይ አረፈ።

እዚያ ጫማ ያደረገ ሰው አልነበረም። ሰሌዳው የለመደው ባዶ እግሩ ወለሉን የረገጠ ሰው ሲነካው ነው፤ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ጎማ መሀል ሲገባ ንክኪዋ ደከመበት።

«ኤፊ፣ ስልኩን ኪስህ ክተተው።»

«አብደሻል? ይስቁብሻል እኮ!»

«ይሳቁ።»

ማሰሪያዋን ፈታች። የግራ ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዶ ነበርና ሳቁ አዳራሹን ሞላው። እናቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሔራን ካልሲዎቿንም አውልቃ ቀዝቃዛውን እብነበረድ ረገጠችና አረንጓዴውን ነካች።

አዳራሹ አረንጓዴ ሆነ። ሳቁ ቀጥ አለ። ጣቷን ወደ ሰማያዊው አንሸራተተች፤ ቀለሙ ተከተላት። ወደ ቀዩ፤ ተከተላት። ጭብጨባው ሲፈነዳ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእናቷ እልልታ ነበር። ሔራን በደስታ ልትበር ደረሰች።

መምህርቷ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «እኔም ልሞክር?»

«ፕሮፌ፣ መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁ።»

መምህርቷ አዩዋት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። አዳራሹ በእጃቸው ቀይ ሆነ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፤ መብራቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ» አሉ።

«ለቲያትሩ ግን በጫማም እንዲሠራ አስተካክዪው» አለ ኤፊ በሹክሹክታ።

ይቻላል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሔራን ባዶ እግሯን አየችና «አይ፣ እንዲሁ ይሁን፤ የሚነካው ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን ያውልቅ» አለችው።